ዳኛው ነው የተሳሳተው ወይስ እኛ? ስለ አወዛጋቢ የዳኛ ውሳኔዎች ደሴ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ እሑድ ማታ ድረስ ደሴ ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው ከኳሱ እኩል ስለ ዳኛው ሲወራ ይሰማል። እኔ የዳኝነት ኮርስ ወስጄ ለዓመታት የሰፈርና የታዳጊ ጨዋታዎችን ዳኝቻለሁ። ስለዚህ ፒያሳም ሆነ ሸዋ በር ክርክር ሲነሣ "እስቲ አንተ ተናገር" ይሉኛል። ኮምቦልቻ ያሉ ጓደኞቼማ ጨዋታው እስኪያልቅ እንኳ አይጠብቁም፤ ፊሽካው እንደተነፋ ይደውላሉ። ደጋግሜ የመለስኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁላችንም ያየነው አንድ ጨዋታ ነው። ታዲያ ለምን አንግባባም?

ብዙውን ጊዜ የምትመልሱት ጥያቄ ስለሚለያይ ነው። አንዱ የሚናገረው ስለ ድርጊቱ ነው፤ ኳሱ እጁን ነካው ወይስ አልነካውም። ሌላው ስለ ሕጉ ይናገራል፤ ነካው እንበል፣ ያ ንክኪ ያስቀጣል ወይ? ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ስለ ፍትሕ ያወራል፤ "እንዲህ ተደርጎ እንዴት ያሸንፋሉ?" ይላል። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ግን ሦስት ሰው ሦስቱን በአንድ ጊዜ እየጮኸ ሲመልስ ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶም ስምምነት አይገኝም።

ጋናን አስታውሱ። ሐምሌ 2 ቀን 2010፣ ጆሃንስበርግ፣ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ላይ ከኡራጓይ ጋር 1 ለ 1 ሆነው ጭማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ ወደ ግብ ሊገባ የነበረውን የጭንቅላት ኳስ ሉዊስ ሱዋሬዝ መስመሩ ላይ ቆሞ በእጁ መለሰው። ዳኛው ቀይ ካርድ አወጣ፣ ፍጹም ቅጣት ምትም ሰጠ። አሳሞዋ ጂያን አግዳሚውን መታው። ከዚያ ጋና በመለያ ምት 4 ለ 2 ተሸነፈች። ያን ሌሊት ያለቀሰ ሰው ደሴ ውስጥ ዛሬም አለ፤ "ዳኛው አፍሪካን በደለ" ሲልም እሰማለሁ። ዳኛው ግን ሕጉ ያዘዘውን አንድ ሳያጎድል ፈጽሟል። ቅሬታ ካለን ቅሬታችን በሕጉ ላይ ነው፤ "እንዲህ ያለው ኳስ እንደ ግብ ይቆጠር" ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔም ልቤ ወደዚያ ያደላል። ፖርቱጋላዊውን ዳኛ ግን በዚህ መክሰስ አይገባም።

ተከላካዩ መጀመሪያ ኳሱን ነክቷል። እንዴት ጥፋት ይባላል?

ሕጉ ውስጥ "ኳሱን የነካ ነፃ ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር የለም። ዳኛው የሚመዝነው አገባቡን ነው። ተጫዋቹ ጥንቃቄ ከጎደለው ቅጣት ምት ይሰጣል። ተጋጣሚው ላይ ሊደርስ ለሚችለው አደጋ ግድ ሳይሰጠው ከገባ ቢጫ ነው። ከልክ ያለፈ ኃይል ከተጠቀመ ቀይ ነው። ኳሱን በጫማው ጫፍ ነክቶ በዚያው ፍጥነት የሰውየውን ቁርጭምጭሚት የረገጠ ተከላካይ ጥፋተኛ ነው። ኳሱን መንካቱ ለዳኛው አንድ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ ዋጋ የለውም።

"የመጨረሻው ተከላካይ ስለሆነ ቀይ ነው" ትክክል ነው?

አይደለም። የሚታየው ግልጽ የግብ ዕድል መክሸፉ ነው፦ ለግቡ ያለው ርቀት፣ ጨዋታው የሚሄድበት አቅጣጫ፣ አጥቂው ኳሱን የመቆጣጠር ዕድሉ፣ እንዲሁም የተከላካዮቹ ቁጥርና ቦታ። ወደ ማዕዘኑ እየሮጠ ያለን አጥቂ የመጨረሻው ሰው ቢጥለው ቢጫ ሊበቃው ይችላል። ደግሞም ከ2016 ወዲህ፣ በቅጣት ክልሉ ውስጥ ኳሱን ለመጫወት ሲሞክር ጥፋት የሠራ ተከላካይ ፍጹም ቅጣት ምት ከተሰጠበት ካርዱ ወደ ቢጫ ይወርዳል። ጎትቶ ወይም ገፍቶ ከጣለው ግን ቀዩ እንዳለ ነው።

በእጅ የተነካ ኳስ አንዳንዴ ይቀጣል፣ አንዳንዴ ይታለፋል። ምንድን ነው ልዩነቱ?

በየሳምንቱ የሚያጣላን ይሄ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሕጉም በየጊዜው ተለዋውጧል። አሁን ያለው እንዲህ ነው። ክንድ የሚባለው ከብብት ሥር ጀምሮ ወደ ታች ያለው ነው፤ ትከሻ እጅ አይደለም። ሆን ብሎ እጁን ወደ ኳሱ የሰደደ ይቀጣል። ሆን ባይልም እንኳ ሰውነቱን ከተፈጥሯዊ እንቅስቃሴው ውጭ ያሰፋ ይቀጣል። "ያሰፋ" የሚለው ቃል ነው ሁሉንም ነገር ለዳኛው ፍርድ የሚተወው። የሚዘል ሰው እጁን ከጎኑ አጣብቆ አይዘልም። ተንሸራቶ የሚገባ ሰው መሬት ላይ እጁን ይደገፋል። ዳኛው "ይህ እጅ እዚያ ቦታ የተገኘው በእንቅስቃሴው ምክንያት ነው ወይስ ግብ ለመዝጋት?" ብሎ በአንድ ሰከንድ መወሰን አለበት።

አጥቂ ላይ ሕጉ ጠበቅ ይላል። ሳያስበውም ቢሆን በራሱ እጅ ያስቆጠረ፣ ወይም እጁን ነክቶት ወዲያው ያገባ ግቡ ይሰረዝበታል። ነገር ግን ኳሱ በአጋጣሚ የጓደኛውን እጅ ነክቶ እሱ ቢያገባ ከ2021 ወዲህ ግቡ ይጸድቃል። ብዙ ሰው ይህን ለውጥ ሳይሰማ ቀርቶ ዛሬም በአሮጌው ሕግ ይከራከራል። አንድ ወዳጄ ጋር ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከተሟገትን በኋላ እሱ የ2019ኙን፣ እኔ የ2021ዱን ሕግ ይዘን እንደነበር ገባን።

ኳሱ መስመሩን አልፏል ወይስ አላለፈም? ቴሌቪዥኑ ላይ በግልጽ ወጥቶ ነበር!

ይህንን በቃል ማስረዳት ሲያቅተኝ አንድ ቀን ብርቱካን ገዛሁ። ቡና የምንጠጣበት ቤት ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፕላስተር በቀጥታ ለጠፍኩና ብርቱካኑን ከፕላስተሩ ወዲያ፣ ሊነካው ምንም ሳይቀረው አስቀመጥኩት። ከጎን ቁጭ ብለው ያዩት ሁሉ "ወጥቷል" አሉ፤ እውነትም ብርቱካኑ ጠረጴዛውን በሚነካበት ቦታና በፕላስተሩ መካከል ክፍተት ይታያል። "ተነሡና በቀጥታ ከላይ እዩት" አልኳቸው። ከላይ ሲያዩት የብርቱካኑ ሆድ ፕላስተሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሕጉ የሚለው ሙሉው ኳስ ሙሉውን መስመር ይለፍ ነው፤ የሚለካውም በአየር ላይ ያለው የኳሱ ዳር ነው። ሣር የነካበት ቦታ አይለካም።

ታኅሣሥ 1 ቀን 2022 በዓለም ዋንጫ ጃፓን ስፔንን 2 ለ 1 ስታሸንፍ የሆነው ይኸው ነው። ካኦሩ ሚቶማ ከግብ መስመሩ ጫፍ መልሶ ያሻገራትን ኳስ አኦ ታናካ አገባት። ረዳት ዳኛው ወጥታለች ብሎ ነበር፤ ቫር (ቪዲዮ እያየ ዳኛውን የሚያግዘው ክፍል) አይቶ አጸደቃት። የመሐል ዳኛው ደቡብ አፍሪካዊው ቪክተር ጎሜዝ ነበር። በዚያ ውጤት ጀርመን ከምድቡ ሳታልፍ ቀረች። ከጎን የተነሣው ፎቶ ኳሷ ወጥታ በእሷና በመስመሩ መካከል ሣር ሲታይ ያሳያል፤ ከላይ የተነሣው ግን የኳሷ ዳር ገና መስመሩ ላይ እንዳለ ያሳያል። እንግዲህ ከየትኛው ካሜራ እንደምታዩ ሳታውቁ "በዓይኔ አይቻለሁ" አትበሉ።

በተቃራኒው ሰኔ 27 ቀን 2010 የእንግሊዙ ፍራንክ ላምፓርድ ጀርመን ላይ የመታት ኳስ አግዳሚውን ነክታ ከመስመሩ በደንብ ወዲያ ነጥባ ነበር፤ ዳኛውም ረዳቱም አላዩዋትም። ያ ስህተት ነው፣ ምንም ማስተባበያ የለውም። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2012 የግብ መስመር ቴክኖሎጂ ተፈቀደ፤ በ2014ቱ የዓለም ዋንጫም ሥራ ላይ ዋለ። ያ የላምፓርድ ኳስ ለውጡን አፋጥኗል።

ኦፍሳይድ በጫማ ጫፍ መለካት ልክ ነው?

ሕጉ ስለ ልክ አያወራም፤ የአጥቂው ጭንቅላት፣ ደረት ወይም እግር ማንኛውም ክፍል ከኳሱና ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይ ካለፈ ኦፍሳይድ ቦታ ላይ ነው። እጅ አይቆጠርም። እኩል ከሆነ ነፃ ነው። ከእጅ ውርወራ፣ ከግብ ምትና ከማዕዘን ምት ኦፍሳይድ የለም፤ ይህን የማያውቅ ደጋፊ አሁንም አለ። እዚያ ቦታ መቆም ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ጨዋታው ውስጥ ጣልቃ መግባት አለበት። እኔ በግሌ የጫማ ጫፍ ልኬቱ ያሳዝነኛል። ግን መስመር የሆነ ቦታ ላይ መሰመር አለበት፤ ሃምሳ ሳንቲሜትር ብንፈቅድ ደግሞ በሃምሳ አንደኛው መጣላታችን አይቀርም።

ቫር እያለ እንዴት ይሳሳታሉ?

ቫር ሁሉን አያይም፤ እንዲያይም አልተፈቀደለትም። በ2018 ሕጉ ውስጥ ሲገባ የተሰጡት ጉዳዮች አራት ናቸው፦ ግብ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ቀጥታ ቀይ ካርድ እና ካርዱ ለተሳሳተ ሰው ሲሰጥ። በእነዚህም ላይ ቢሆን የሚገባው ግልጽ ስህተት ሲያይ ነው። ስለዚህ "ቫሩ ተኝቷል?" ብላችሁ ስትጮኹ ቫሩ ምናልባት ነቅቶ እያየ፣ "ሁለት ዓይነት ፍርድ የሚያስኬድ ነው፣ የሜዳው ውሳኔ ይጽና" ብሎ ይሆናል። እዚህ ላይ ቁጣችን ብዙ ጊዜ መስመሩን ይስታል።

አንዳንዴ ደግሞ ቁጣው በቦታው ነው። መስከረም 30 ቀን 2023 ቶተንሃም ከሊቨርፑል ሲጫወቱ ሉዊስ ዲያዝ አገባ። ረዳት ዳኛው ባንዲራ አነሣ፣ ግቡ ተሰረዘ። የቫሩ ክፍል መስመር አስምሮ ዲያዝ ኦፍሳይድ አለመሆኑን አረጋገጠ። እስከዚህ ጥሩ። ችግሩ የቫሩ ሰው ሜዳ ላይ ግቡ የጸደቀ መስሎት ነበር። ስለዚህ "ፍተሻው አልቋል" አለ፤ ለእሱ ትርጉሙ "ግቡ ይጽና" ነበር፣ ሜዳ ላይ ላለው ዳኛ ግን "ስረዛው ይጽና" ሆነ። ጨዋታው በቅጣት ምት ቀጠለ። ወዲያው ስህተቱ ቢታወቃቸውም ሕጉ ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ወደኋላ መመለስን አይፈቅድም። ሊቨርፑል 2 ለ 1 ተሸነፈ። የእንግሊዝ ዳኞች አካል በዚያው ምሽት ስህተቱን አመነ፤ ከቀናት በኋላም የክፍሉ ንግግር በድምፅ ተለቀቀ። ያን ድምፅ የሰማሁ ዕለት ስለ ቫር ያለኝ አስተያየት ተለወጠ። ካሜራው ትክክል ነበር፣ መስመሩ ትክክል ነበር፤ የተበላሸው ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ነው። የትኛው ውሳኔ እንደተፈተሸ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነጋገሩ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

በስሎው ሞሽን ሳየው ቀይ ነው። አሁንስ ምን ትላለህ?

በመደበኛ ፍጥነቱ መልሰህ እየው እላለሁ። ሲዘገይ ሁሉም ነገር ታስቦበት የተደረገ ይመስላል፤ ቀላል ንክኪም ጭካኔ ይመስላል። የቫር መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው፦ የት ነካው፣ እጅ ነው ወይስ ደረት የሚለውን ለማየት አዘግይ፤ ኃይሉን ለመመዘን ግን በመደበኛ ፍጥነቱ ተመልከት። (አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ጎረቤት ያለው ቤት ሥርጭቱ ከእኛ ጥቂት ሰከንድ ይቀድማል። የእነሱን ጩኸት ሰምታችሁ ገና ሳታዩ ፍርድ የሰጣችሁ ጊዜ ብዙ ነው።)

ዳኛው መሳሳቱ ከታወቀ ውጤቱ ለምን አይለወጥም?

ሕጉ በጨዋታው ላይ ስለሆነው ነገር የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ይላል። ግቡ ገባ አልገባ፣ እጅ ነው አይደለም፣ እነዚህ ሁሉ የዳኛው ናቸው። ሰኔ 22 ቀን 1986 ሜክሲኮ ላይ ማራዶና እንግሊዝ ላይ በእጁ ሲያስቆጥር ቱኒዚያዊው ዳኛ ዓሊ ቢን ናስር አላየም፤ ዓይኑን ወደ መስመር ዳኛው ጣለ፣ እሱም ባንዲራ አላነሣም። ግቡ ጸደቀ፣ እስከ ዛሬም ግብ ነው። ማራዶና በ2015 ቱኒዝ ድረስ ሄዶ ዳኛውን ቤቱ ጎብኝቶታል፤ መለያም ሰጥቶታል። በኅዳር 2009 ደግሞ ቲዬሪ ኦንሪ በእጁ አመቻችቶ ጋላስ አየርላንድ ላይ ሲያገባ አየርላንዶች ጨዋታው ይደገም ብለው ጠየቁ፤ ፊፋ አልተቀበለም።

ግን የተደገመ ጨዋታ አለ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ስለማይበዛ ደስ ብሎኝ ነው የምናገረው። መስከረም 2005 ታሽከንት ላይ ኡዝቤኪስታን ከባህሬን ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጫወቱ። ኡዝቤኮች ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ፣ አገቡም። ነገር ግን ኳሱ ሳይመታ አንድ የራሳቸው ተጫዋች ወደ ክልሉ ገብቶ ነበር። ሕጉ በዚያን ጊዜ "ይደገም" ይል ነበር። ጃፓናዊው ዳኛ ግን ለባህሬን ቅጣት ምት ሰጠ። ኡዝቤኪስታን 1 ለ 0 አሸንፋም ክስ አቀረበች፤ 3 ለ 0 እንዲባልላት ፈልጋ ነበር። ፊፋ ጨዋታውን ሰርዞ እንዲደገም ወሰነ። የተደገመው 1 ለ 1፣ መልሱ ደግሞ 0 ለ 0 አለቀና ባህሬን ከሜዳዋ ውጭ ባገባችው ግብ አለፈች። ልዩነቱ ታያችሁ? የማራዶናው ዳኛ የሆነውን ነገር አላየም። የታሽከንቱ ዳኛ ሁሉን አይቷል፣ የሳተው ሕጉን ነው። መጀመሪያ ላይ ጥያቄዎቹን ለዩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ዳኛው ተገዝቷል ማለት ይቻላል?

ማስረጃ ካላችሁ ለሚመለከተው አካል ውሰዱት። ከሌላችሁ አትበሉት። ይህን በጣም አምርሬ ነው የምናገረው።

አንድ ክረምት የታዳጊዎች ጨዋታ ስዳኝ ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሁ። ልጁ ሲወድቅ አየሁ፣ በረኛው እግሩ ሥር ነበር፣ ነፋሁ። ግብ ሆነ፣ ጨዋታው አለቀ። ሜዳው ዳር አንድ አባት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ እያወጣ "በላ! በላ!" አለኝ። ማታ አንድ ሰው በስልኩ የቀረጸውን አሳየኝ፤ አጥቂው የወደቀው በራሱ እግር ተጠልፎ ነበር። ማንም አልገዛኝም። ጭቃ ስለነበር ከኋላ ቀርቼ፣ ከሠላሳ ሜትር በላይ ርቄ፣ በተከላካይ ጀርባ ነበር ያየሁት። በማግስቱ ያ በረኛ መንገድ ላይ አገኘኝና "ጋሼ፣ ወላሂ አልነካሁትም" አለኝ። "አዎ፣ አልነካኸውም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አልኩት። ምንም አልመለሰም፤ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ። የሚያናድደው ዳኛ ሁሉ ሌባ መሆኑ ሳይሆን፣ ቆሞ ስህተቱን የማያምን መሆኑ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

እዚህ ደሴ ሆጤ ስታዲየም ላይስ? እዚህ ቫር የለም።

የለም፤ ደሴ ከተማ ወይም ወሎ ኮምቦልቻ ሲጫወቱ ያለው የሰው ዓይን ብቻ ነው። ደሴ ደግሞ ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ከአንዱ ግብ ሆኖ ሌላውን ማየት ያስቸግራል። ረዳት ዳኛው ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይ እኩል እየሮጠ ኳሱ የሚመታበትን ቅጽበትና የአጥቂውን ቦታ ባንድ ጊዜ ማየት አለበት፤ ሁለቱ አርባ ሜትር ሊራራቁ ይችላሉ። ሽማግሌ ግራ ቀኙን ሰምቶ ቀጠሮ ይሰጣል። የኳስ ዳኛ ቀጠሮ የለውም። ቅሬታ ሲኖር አምበሉ ቀርቦ በጨዋነት ይጠይቅ፤ ክለቡ በጽሑፍ ያመልክት። ድንጋይ የወረወረ ደጋፊ የሚያስቀጣው የራሱን ክለብ ነው።

ክለቡ ውሳኔውን ካልተቀበለ ከሜዳ መውጣት አይችልም?

ግንቦት 31 ቀን 2019 ቱኒዚያ ላይ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የሞሮኮው ዊዳድ ግቡ ተሰረዘበት። ቫር ይታይልን ሲሉ መሣሪያው እንደማይሠራ ተነገራቸው። ተናደዱ፤ እውነታቸውን ነው። ግን አንጫወትም ብለው ቆሙ፣ ጨዋታው ተቋረጠ። ዋንጫውም ከብዙ ክስና ይግባኝ በኋላ ተጋጣሚያቸው የቱኒዚያው ኤስፔራንስ ጋር ቀረ። ሜዳው ላይ ቢቆዩ ኖሮ ገና 30 ደቂቃ ገደማ ነበራቸው።

ልጄ ዳኛ መሆን ይፈልጋል። ስድቡን ይችለዋል ብለህ ታስባለህ?

ይችለዋል፣ አብሽሩ። ከአገራችን ባምላክ ተሰማ ለ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር፤ ሊዲያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ተገኝታለች። መጀመሪያ ሕጉን ያንብብ፤ 17 አንቀጽ ነው። ከዚያ በታዳጊ ጨዋታ ባንዲራ ይዞ መስመር ላይ ይቁም። እናንተም ሜዳው ዳር ሂዱለትና፣ ሌላው ሲሰድበው ዝም ብላችሁ አጠገቡ ቁሙ።